ግፊትና ደም ሥር፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አክስቴ «ግፊት ቢኖረኝማ ራሴን ያመኝ ነበር» ትላለች። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል፤ ሌሊት እንኳ እረፍት የለውም። ደሙ የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ጫና፣ ግፊት የምንለው ማለት ነው፣ ለዓመታት ከልክ ቢያልፍም ብዙ ሰው ምንም አይሰማውም። ሲሰማው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ደርሷል።

ነገሩ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። የደም ሥር ውስጡ በአንድ ረድፍ ስስ ሴሎች ተሸፍኗል። ሴሎቹ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫሉ፤ ጋዙ በዙሪያው ያለውን ጡንቻ ያላላዋል፣ ቱቦውም ይሰፋል። ይህን የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን በ1998 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል። ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራ ሽፋኑን ሲጎዱት ቱቦው ግትር ይሆናል፤ ስብም ግድግዳው ውስጥ እየገባ ይጠራቀማል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ራስ ምታት የለም።

ሁለተኛው ስህተት አለካኩ ላይ ነው። አክስቴን ይዤ ፋርማሲ ሄድኩ። ቤት ሁለት ስኒ ቡና ጠጥታለች፤ ዳገቱን በእግሯ ወጥታለች። እንደገባች ሹራቧን ሳታወልቅ ክንዷን ዘረጋች፣ የጎረቤት ሠርግ ወሬዋንም አላቋረጠችም። መለኪያው 162/94 አለ። የለካቻት ልጅ «እማማ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ፤ እየለካሁ ደግሞ አያውሩኝ» አለቻት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሹራቡ ወልቆ፣ ጀርባዋ ተደግፎ፣ ክንዷ በልቧ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ተለካች፤ 138/86። በአንድ ቁጥር መደንገጥም መዝናናትም አያስፈልግም። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሐኪም ዘንድ ነው።

«ተስተካክሎልኛል» ብሎ ኪኒን ማቆምስ? እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የተስተካከለው እኮ በኪኒኑ ነው! አንዳንዱ ደግሞ የሚያቆመው ስለማይስማማው ነው። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ አምሎዲፒን ደግሞ ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። ይሄን ለሐኪሙ ብትነግሩት ሌላ ይቀይርላችኋል፤ ዝም ብላችሁ ካቆማችሁ ግን ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል። የጎረቤትን ኪኒን ተውሶ መዋጥም ያው ነው። «ግፊት ያወርዳል» የሚባለውን ነጭ ሽንኩርት በወጥ ብሉት፣ ኪኒኑን ግን አይተካም። ጠበል የምትጠመቁም ኪኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ጾም ሲገባ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ኪኒኑን በራሳችሁ አትዝለሉ። ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

«እኔ ጨው አላበዛም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ማዕድ ላይ የሚነሰንሰውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም ላይ፣ አዋዜውም ላይ፣ ዳቦውም ላይ አለ። ወጡ ሲወጣ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። በአንዳንድ ገጠር ቡናውም በጨው ነው።

በጾም ቅቤ የለም ብሎ መዝናናትም አለ። ብርድ ሲሆን ጀሪካኑ ውስጥ የሚረጋውን ዘይት አይታችሁታል? ፓልም ነው፤ ግማሽ ያህሉ ደም ውስጥ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርግ ዓይነት ስብ ነው። ስለ ሲጋራ ብዙ አልልም፣ ታውቁታላችሁ። ጫትም ቢሆን ግፊት ይጨምራል።

ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ ነው የሚጓዘው። የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፤ ደም ሥሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ በሮች ወደ ታች እንዳይመለስ ይይዙታል። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሾፌር ወይም ልብስ ሰፊ፣ ወይም ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚበር ሰው፣ ደሙ እግሩ ላይ እንዳይቆም በየመሃሉ ተነስቶ መራመድ አለበት። አንድ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ካመመ ወጌሻ ጋር ሄዶ ማሳሸት አደገኛ ነው። የረጋ ደም ከሆነ ተነቅሎ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል።

የመጨረሻው ስህተት «ምች ነው» የሚባለው ነው። ፊት ወደ አንድ ጎን ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ፣ ዳማከሴ እየተቀባ ሰዓቱ ያልፋል። ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ማለት ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ ባለበት ሆስፒታል፣ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ለሁሉም ሰው ባይሆንም። በሽተኛውን ይዛችሁ ስትሮጡ፣ መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየው ስንት ሰዓት ላይ እንደነበር አስታውሱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።