ቢራውን እዛው ጠምቆ የሚሸጥ ቤት ስትሄዱ

ቅዳሜና እሁድን ክራፍት ቢራ (ትንንሽ ጠማቂዎች በራሳቸው መንገድ የሚጠምቁትን) ልንቀምስ ነው ብላችሁ ከተነሳችሁ መጀመሪያ የምላችሁ ነገር ትንሽ ያናድዳችሁ ይሆናል። የያዛችሁትን የቤት ዝርዝር በግማሽ ቀንሱት። በአንድ ቀን አምስት ቤት አዳርሳለሁ ያለ ሰው ሦስተኛው ላይ ምላሱ ይደነዝዛል፣ ከዛ በኋላ ሁሉም ቢራ አንድ ይሆንበታል። እኔም ሞክሬዋለሁ። ከመጨረሻዎቹ ሁለት ቤቶች ዛሬ ትዝ የሚለኝ ወንበራቸው ብቻ ነው። በቀን ሁለት ቤት በቂ ነው።

ብሩፐብ የሚባለው ቢራውን እዛው ጠምቆ እዛው የሚቀዳ፣ አብዛኛውን ጊዜም ምግብ ያለው ቤት ነው። ጥሩነቱ ቢራው ከጋኑ እስከ ብርጭቋችሁ የሚሄደው ጥቂት ሜትር መሆኑ ነው። መጋዘን አያድርም፣ የጭነት መኪና ላይ አይንገላታም፣ ፀሐይ አይመታውም። ስለዚህ እዛ ሄዶ በየሱቁ የሚገኘውን የታሸገ ቢራ ማዘዝ ድካም ነው።

በጊዜ ሂዱ፣ ከሰዓት አካባቢ፣ ማታ ሰው ሳይሞላ። ያኔ የሚቀዳላችሁ ሰው ለወሬ ጊዜ አለው፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ ጠማቂው ራሱ ብቅ ይላል። እና በባዶ ሆድ አትግቡ።

ሙሉ ብርጭቆ ከማዘዛችሁ በፊት የመቅመሻ ትሪ ጠይቁ። ብዙ ቦታ አራት ወይም አምስት ትንንሽ ብርጭቆ ተደርድሮ ይመጣል፣ እያንዳንዱ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። ትንሽ ስለሆነ አይቆጠርም የሚል ሰው አለ። ይቆጠራል! አራት ባለ 120 ሲደመር 480 ነው፣ ግማሽ ሊትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የአልኮል መጠኑንም ሰሌዳው ላይ እዩት፤ 10 በመቶ የሆነ ቢራ 150 ሚሊ ሊትር ብትጠጡ 5 በመቶ የሆነውን 300 እንደጠጣችሁ ነው።

ቅምሻውን ከቀላሉ ጀምሩ፣ ኃይለኛውንና መራራውን ወደ መጨረሻ ግፉት። ቀለም ግን እንዳይሸውዳችሁ። ጥቁር ሁሉ ኃይለኛ አይደለም። ስታውት የሚባለው የአየርላንድ ዓይነት ጥቁር ቢራ በጣም የተቆላ ገብስ ስላለበት ይጠቁራል እንጂ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 5 በመቶ ነው። ትሪፕል የሚባለው የቤልጂየም ቢራ ደግሞ ወርቅ መስሎ 8 ወይም 9 በመቶ ይደርሳል፣ ሳታስቡት ነው የሚጥላችሁ።

አሁን ዋናው። «ምርጡ የቱ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ በብዛት የሚሸጠውን ይነግሯችኋል። «በቅርብ የወጣው የቱ ነው?» በሉ። በተለይ አይፒኤ (ሆፕስ የበዛበት መራራ ቢራ) የምትወዱ ከሆነ፣ የሆፕሱ፣ ማለትም ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ፣ ሽታ በጊዜ ስለሚጠፋ ትኩሱ ሌላ ነገር ነው። የቤቱን ችሎታ ለመለካት ግን እኔ ሁሌ የማዘው ተራውን ላገር ነው፣ በቅዝቃዜ የሚጠመቀውን ቀለል ያለ ቢራ። ኤል የሚባለው ሌላው የቢራ ዓይነት ሞቅ ባለ ሙቀት፣ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ አካባቢ ፈልቶ ቶሎ ይደርሳል፤ ላገር ግን በቅዝቃዜ ሳምንታት ጋን ይዞ ይተኛል፣ ለትንሽ ቤት ደግሞ የተያዘ ጋን ማለት የተያዘ ገንዘብ ነው። በዛ ላይ ጣዕሙ ቀለል ያለ ስለሆነ ጥፋት የሚደብቅበት የለውም። ፍራፍሬና ቸኮሌት የተጨመረበት ቢራ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ላገሩ ጥርት ያለ ከሆነ ሌላውን በሙሉ እምነት እዘዙ።

ጣዕሙ ካላማራችሁ ዝም ብላችሁ አትዋጡት። ላገር ላይ የቅቤ ጣዕም ከመጣ ሳይደርስ የወጣ ሊሆን ይችላል፣ ጎምዛዛ ያልሆነ ቢራ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ ቧንቧው አልታጠበ ይሆናል፣ የራሰ ካርቶን ከሸተተ ኦክስጅን ነክቶታል። ብርጭቆው ውስጥ ጎንና ጎኑ ላይ የተለጠፉ አረፋዎች ካያችሁ ደግሞ ብርጭቆው በደንብ አልጸዳም። በትህትና መልሱ፣ ደህና ቤት አይከፋውም። ከላይ ሁለት ጣት አረፋ ስላለ ግን ተበላን ብላችሁ አትጣሉ፣ ሽታው የሚመጣው ከእሱ ጋር ነው። ጥቁሮቹ በጣም ቀዝቅዘው ከመጡ ብርጭቆውን ለጥቂት ደቂቃ በመዳፋችሁ ያዙት።

በየመሀሉ ውሃ ጠጡ። መኪና የሚነዳው ሰው ከቤት ሳትወጡ ይለይ፣ እሱ አይቀምስም፣ ትንሽም ቢሆን።

የወደዳችሁትን ይዛችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ ብዙ ቤቶች ግራውለር በሚሉት ትልቅ ጠርሙስ ይሞላሉ፣ የተለመደው 1.9 ሊትር ገደማ ነው። ብርድ ላይ አቆዩት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ክፈቱት። አንዴ ከተከፈተ በዛው ቀን ይለቅ። እኔ አንዱን ከፍቼ ግማሹን ለእንግዳ ብዬ አስቀመጥኩት፣ እንግዳው በሦስተኛው ቀን መጣ፣ የቀዳሁለት ነገር አረፋም አልነበረው። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ጨረሰው።