የወሎን የጥንት ዝናብ ታሪክ ከደጋ ረግረግ ማጥናት፦ ከቦታ መረጣ እስከ ትርጓሜ

የወሎ ገበሬ የበልጉን መቅረትና የክረምቱን መዘግየት የሚመዝነው ራሱ በኖረበትና ከአባቶቹ በሰማው ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን ሺህ ዓመታት ለማወቅ የሚረዳ መዝገብ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ፣ በጋ ከክረምት ውኃ የማይለየው የደጋ ረግረግ ነው። ይህ መመሪያ በወሎ እንዲህ ያለ ጥናት ለመጀመር ለሚያስቡ የጂኦግራፊ፣ የጂኦሎጂና የሥነ ሕይወት ተማሪዎችና መምህራን የተዘጋጀ ነው። አንድ ነገር ከመነሻው መታወቅ አለበት፦ በዚህ አገር ረግረግ የአየሩን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የሰውንም እጅ ስለሚመዘግብ፣ ሥራው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለቱን ለመለየት ታስቦ መታቀድ ይኖርበታል።

በረግረግ ውስጥ የሞተ ቄጠማና ሣር በውኃ ተሸፍኖ ኦክስጅን ስለማያገኝ ሙሉ በሙሉ አይበሰብስም። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ፒት የሚባለውን ጥቁር ቡናማ፣ ቃጫ የበዛበት ንብርብር ይሠራል። ንብርብሩ የሚያድገው እጅግ በዝግታ፣ ብዙ ጊዜ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ መጠን ስለሆነ፣ ሁለት ሜትር ፒት የብዙ ሺህ ዓመታት መዝገብ ሊሆን ይችላል። የሰሜን አውሮፓ ፒት በአብዛኛው የተሠራው ስፋግነም ከሚባለው ሥር አልባ ተክል ሲሆን የእኛ ደጋ ፒት ግን በዋናነት የቄጠማና የቄጠማ ዘመዶች ቅሪት ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የቄጠማ ሥር ወደ ታች ዘልቆ በቆየው ንብርብር ውስጥ አዲስ ካርቦን ስለሚያስገባ፣ ለአውሮፓ ረግረግ የተጻፈን መመሪያ እንዳለ መከተል ወደ ተሳሳተ ዕድሜ ይመራል።

ጥናቱ የሚሰምረው ወይም የሚበላሸው በቦታ መረጣ ነው። ዓላማው የዝናብን ታሪክ ማወቅ ከሆነ የሚፈለገው ትልቅ ወንዝ የማይገባበት፣ ውኃውን ከዝናብና ከዙሪያው ምንጮች የሚያገኝ አነስተኛ ጎድጓዳ ቦታ ነው። ስለዚህ ፍለጋውን ከ3,000 ሜትር በላይ ካሉት እንደ አቡነ ዮሴፍና አምባ ፋሪት ካሉ ተራሮች፣ እንዲሁም ከቦረና ሳይንት ከፍታዎች መጀመር ተገቢ ነው። ጅብራ፣ አስታና ጓሳ በበዛበት ዳገት ሥር፣ መውጫው በድንጋይ ወይም በመሬት ናዳ የተገደበ ለጥ ያለ እርጥብ ሜዳ ሲገኝ ቆም ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። የጨፋ ረግረግ በስፋቱ ዓይን ቢስብም፣ የቦርከና ወንዝ በየክረምቱ ደለል ስለሚያመጣበት የጎርፍንና የአፈር መሸርሸርን ታሪክ ለሚያጠና እንጂ ንጹሕ የፒት ንብርብር ለሚፈልግ አይመከርም።

ቦታው ከመነካቱ በፊት የወረዳውንና የቀበሌውን አስተዳደር፣ ከዚያም በላይ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ማነጋገር ግድ ነው። ረግረጉ የበጋ ግጦሽ፣ የጠበል ምንጭ ወይም የአድባር ቦታ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሥፍራ ያለ ፈቃድ ቢቆፈር የሚጎዳው ጥናቱ ብቻ አይደለም። ሽማግሌዎች የሚያውቁት ደግሞ ለሥራው በቀጥታ ይጠቅማል። ሜዳው መቼ በቦይ ተንጣፈፈ? ሰደድ እሳት የት ድረስ ደረሰ? በየትኛው ድርቅ ምንጩ ነጠፈ? እነዚህን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ፣ የላይኛውን ግማሽ ሜትር ለመተርጎም ከብዙ የቤተ ሙከራ ውጤት የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ለመስክ ሥራ አመቺው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ክረምቱ አልፎ መንገዱ ይደርቃል፣ የበልግ ዝናብም ገና አልገባም። በመጀመሪያ በቀጭን ፌሮ ረግረጉን ከዳር እስከ ዳር፣ በየ10 ሜትሩ እየወጉ ጥልቀቱን መለካት ያስፈልጋል። ፌሮው ያለ ችግር ወርዶ በድንገት ጠጣር ነገር የሚነካበት ቦታ የፒቱ ወለል ነው። ናሙናው የሚወሰደው ንብርብሩ ወፍራም ከሆነበትና ከብት ካልረገጠው ቦታ ነው።

ለፒት ተመራጩ መሣሪያ በተለምዶ የሩሲያ መሰርሰሪያ የሚባለው ነው። ግማሽ ክብ የሆነው ክፍሉ ብዙ ጊዜ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ወደሚፈለገው ጥልቀት ተገፍቶ ከወረደ በኋላ እጀታው ግማሽ ዙር ሲዞር ፒቱን ሳይጨፈልቅ ቆርጦ ይይዛል። ከአንድ ጉድጓድ በተከታታይ መውሰድ አይገባም፤ የመሣሪያው ጫፍ ቀጣዩን ንብርብር ስለሚያናውጥ፣ ሁለት ተቀራራቢ ጉድጓዶችን እያፈራረቁ፣ እያንዳንዱን ክፍል ከቀዳሚው ጋር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እያደራረቡ መሄድ ይሻላል።

ክፍሉ ሲከፈት ወዲያውኑ ቀለሙን መመዝገብና ፎቶግራፍ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ፈካ ያለ ቡናማ ሆኖ የወጣ ፒት አየር ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራልና። የመበስበስ ደረጃውን እዚያው በእጅ መለየት ይቻላል። ከጉድጓዱ ዳር ተርፎ የወጣውን ቁራሽ በመዳፍ ሲጨምቁት ጥርት ያለ ውኃ ከወጣ ተክሉ ብዙም አልበሰበሰም፣ ማለትም በዘመኑ ረግረጉ በውኃ ተሞልቶ ነበር። ፒቱ እንደ አተላ በጣቶች መሃል ሾልኮ ከወጣና በመዳፍ የሚቀር ቃጫ ከሌለ ግን ውኃው ወርዶ አየር የገባበት ዘመን ሊሆን ይችላል። ይህ ከ1 እስከ 10 በሚደርስ ደረጃ የሚመዘገብ የቆየ ዘዴ ሲሆን፣ አንድ ሰው ብቻ ከላይ እስከ ታች ቢሠራው ውጤቱ ይስማማል። ከዚያ ናሙናው ለሁለት በተሰነጠቀ የፒቪሲ ቱቦ ላይ ተጋድሞ በፕላስቲክ ይጠቀለላል፤ ላይና ታቹ፣ ጥልቀቱና ቀኑ በማይለቅ ቀለም ይጻፍበታል፤ እስከ ቤተ ሙከራም ሆነ ከዚያ በኋላ በ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀመጣል። ጉድጓዱን ደፍኖ መመለስ ደግሞ ለከብቶቹ ባለቤቶች የሚገባ አክብሮት ነው።

በቤተ ሙከራ ቀላሉ ሥራ ከየሴንቲ ሜትሩ ጥቂት ወስዶ በ105 ዲግሪ ማድረቅ፣ ከዚያ በ550 ዲግሪ ለአራት ሰዓት ማቃጠልና የጠፋውን ክብደት ማስላት ነው። የጠፋው የተክል ቅሪት፣ የቀረው በአብዛኛው ከዳገቱ ታጥቦ የመጣ አፈር ነው። በዘመኑ በአካባቢው ምን ተክል እንደነበረ የሚያሳየውን የአበባ ብናኝ ለይቶ ማውጣት ግን አደገኛ አሲዶችን ስለሚጠይቅ፣ ጋዝ መሳቢያ በሌለበት ክፍል ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

ዕድሜ ለመለካት ለሬዲዮካርቦን፣ ማለትም ተክሉ ከሞተ በኋላ በጊዜ ብዛት እየቀነሰ የሚሄደውን የካርቦን ዓይነት ለሚለካ ምርመራ፣ የሚላከው የቄጠማ ዘር፣ የቅጠል ቁራጭ ወይም ከሰል ነው፤ ሥር በጥንቃቄ ተለቅሞ መውጣት አለበት። የሬዲዮካርቦን ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 5,730 ዓመት ስለሆነ ዘዴው እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ያገለግላል። ላቦራቶሪዎች «ከአሁን በፊት» ሲሉ መነሻቸው እ.ኤ.አ. 1950 መጀመሪያ፣ በእኛ ታኅሣሥ 1942 ዓ.ም. ነው። በአማርኛ ዘገባ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደተሠራበት ካልተገለጸ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ስለሚፈጠር፣ በተለይ የቅርብ ዘመን ንብርብር ከታወቀ ድርቅ ጋር ሲነጻጸር ስሕተቱ ከባድ ነው። የቅርብ ዘመንን ንብርብር ለመለየት የባሕር ዛፍ ብናኝ ጥሩ ምልክት ነው፤ ዛፉ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለሆነ፣ ብናኙ ያለበት ንብርብር ከዚያ አይቀድምም።

ትርጓሜው ላይ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተመራማሪዎቹ ዳርቢሻየር፣ ላምብና መሐመድ ዑመር ከሐይቅና ከአርድቦ ሐይቆች ደለል ያገኙትንና እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙትን ውጤት ማስታወስ ይበቃል። የዝግባና የጽድ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ ተመንጥሮ በክትክታ ቁጥቋጦና በሣር ተተካ፤ ይህም 1,800 ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ድረስ ጽድ ከወይራ ጋር እንደገና ተስፋፋ፤ አጥኚዎቹም ለዚህ የሕዝብን መመናመንና የዝናብን መጨመር በምክንያትነት ጠቁመዋል። የብናኙን ሥዕል ብቻ ያየ ሰው የመጀመሪያውን ለውጥ ድርቅ ነው ብሎ ሊደመድም ይችል ነበር። ስለዚህ የደን ብናኝ ሲቀንስ ሦስት ነገሮችን፣ ማለትም ከሰሉን፣ የታጠበውን አፈርና የፒቱን ሁኔታ፣ አብሮ ማየት ይገባል። ከሰሉና የታጠበው አፈር አብረው ከጨመሩ፣ ፒቱ ግን እርጥብ ሆኖ ከቀጠለ፣ መጥረቢያና እሳት መጠርጠር አለባቸው። ከሰሉ ሳይጨምር ፒቱ ራሱ ከበሰበሰና ዕድገቱ ከተጓተተ የዝናብ ማነስ ይበልጥ አሳማኝ ነው። የጤፍ ብናኝ ከዱር ሣር ብናኝ የማይለይ መሆኑም እርሻን ከብናኝ ብቻ ማንበብን ያከብደዋል።

የንባቡም ወሰን ለአንባቢ በግልጽ መነገር አለበት። በዓመት 1 ሚሊ ሜትር በሚያድግ ፒት የ1 ሴንቲ ሜትር ናሙና አሥር ዓመትን አንድ ላይ ይይዛል፤ ስለዚህ የሰባ ሰባቱን ድርቅ ወይም የክፉ ቀንን ዓመታት ለይቶ ያሳያል ብሎ ለማኅበረሰቡ ተስፋ መስጠት አይገባም። በግልጽ የሚያሳየው ለአሥርታትና ለመቶ ዓመታት የዘለቀውን ለውጥ ነው፤ ለምሳሌ ሰፊ የአፍሪካ ክፍል ከዛሬ 5,500 ዓመት ገደማ በፊት ከረጅም እርጥብ ዘመን ወደ ደረቅ ዘመን የተሸጋገረበትን። የናሙናው ግማሽ ሳይነካ ከመስክ ማስታወሻው ቅጂ ጋር በአካባቢው ዩኒቨርሲቲ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቀሪው ግማሽ ብቻ ለምርመራ ይዋል።