ከባሕር ዳርቻ ግንብ እስከ አቃቂ ወንዝ፦ የጎርፍ መከላከያ ሲታቀድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ሰኔ ሲቃረብ በየወረዳው ስብሰባ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ግንቡ መቼ ነው የሚሠራልን?» ጠያቂው አልተሳሳተም። መልስ ሰጪው ግን ከግንቡ ከጀመረ ዕቅዱ ከመነሻው ይበላሻል። በዚህ ጉዳይ ብዙ የደከሙት አውሎ ነፋስ ባሕሩን እየገፋ ከተማቸው ላይ የሚደፋባቸው አገሮች ናቸው። እኛ ባሕር ባይኖረንም፣ እነሱ የሰው ሕይወት ከፍለው የተማሩትን ወንዛችን ዳር ሆነን ብናጠና ይጠቅመናል።

የውኃውን መምጫ ሳያጠኑ ግንብ መንደፍ

እ.ኤ.አ. በ1953 የሰሜን ባሕር ሙላት ኔዘርላንድስ ውስጥ 1,836 ሰው ገደለ። መንግሥት ወዲያው ያቋቋመው የዴልታ ኮሚሽን ያለውን ካብ ሁሉ ከፍ አድርጉ ብሎ አላበቃም። ባሕሩ ወደ መሀል አገር የሚዘልቅባቸው ሰፋፊ የወንዝ አፎች እንዲዘጉ አደረገ፤ በዚህም መጠበቅ የነበረበት የባሕር ዳርቻ በ700 ኪሎ ሜትር ያህል አጠረ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ አቃቂ ላይ ጠብ ሳይል አቃቂ ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የእንጦጦ ተዳፋት ላይ ይወርድና፣ አስፋልትና ቆርቆሮ በሸፈነው ከተማ ውስጥ አልፎ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ወዳለው ሜዳ ይደርሳል። አንድ ወረዳ በራሱ ድንበር ውስጥ ብቻ ለክቶ የሚሠራው ግንብ የሌላውን ወረዳ ውኃ በግምት እንደመጠበቅ ነው።

በቁመት እየተከራከሩ መሠረቱን መርሳት

ስብሰባ ላይ ሁሉም ሰው ስለ ቁመት አስተያየት አለው። ሦስት ሜትር ይሁን፣ አራት ይሁን ይባላል። ስለ አፈሩ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ ከተማ ሲመታ፣ በ17ኛው ጎዳና ቦይ ዳር የነበረው ግንብ የተደረመሰው ውኃው ከአናቱ ሳይደርስ ነው። ከሥሩ ያለው ለስላሳ አፈር ተንሸራተተና ግንቡን ይዞት ሄደ። በሌሎችም ቦታዎች ካቦቹ ተሰብረው ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉ በውኃ ተጥለቀለቀ።

የአቃቂ ሜዳ አብዛኛው ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። በየዓመቱ ከፍና ዝቅ የሚል መሬት ላይ ከላይ የተቀመጠ መሠረት እንዴት እንደሚሆን ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ የአካባቢውን የግቢ አጥሮች ማየት ይበቃል። ስለዚህ ዋልካው ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ መሠረቱ አልፎት ጠንካራ መሬት እስኪያገኝ መውረድ አለበት። ይህ ወጪ ይጨምራል። ተጫራቾች ዋጋ ለመቀነስ መጀመሪያ የሚነኩትም ይህንኑ ነው።

የድጋፍ ግንብ ላይ የሚተዉትን ቀዳዳዎችም ልብ ይበሉ። ከኋላ የታፈነው ውኃ የሚወጣው በእነሱ ነው። ከቀዳዳው ጀርባ ጠጠር ካልተሞላ ዋልካው ተመልሶ ይደፍናቸዋል፤ ውኃው ከኋላ ይከማቻል፤ ግንቡም ቀስ በቀስ ወደ ወንዙ ያዘነብላል። ከከባድ ዝናብ በማግስቱ ሄደው ይመልከቱ፦ የኋላው መሬት ረስርሶ ቀዳዳዎቹ ደረቅ ከሆኑ ግንቡ ታሟል። ጋቢዮን በሽቦ የታሰረ ድንጋይ ስለሆነ ውኃውን በራሱ ያሳልፋል፤ መሬቱ ሲንቀሳቀስም ሳይሰበር ይታጠፋል። መልኩ ባያምርም እንዲህ ላለ አፈር ብዙ ጊዜ እሱን እመርጣለሁ።

የግንቡን ጫፍና የውስጡን ውኃ መዘንጋት

ግንቡ ያለቀበት ቦታ ላይ ውኃው አያልቅም። በአንድ ወገን ብቻ ከተሠራ ማዶ ያለውን ሰፈር ይበላል፤ በሁለቱም ወገን ከጠበበ ፈጥኖ ወደ ታች ይወርድና በአባ ሳሙኤል አቅጣጫ ያለውን ገበሬ ያገኘዋል። የአባ ሳሙኤል ግድብ ደግሞ በደለል ብዛት ቀድሞ የሚይዘውን ያህል ውኃ መያዝ የማይችል ነው።

ከሰፈር ወደ ወንዝ የሚወጣው ቱቦም አለ። ወንዙ ሲሞላ ውኃው በዚያው ቱቦ ተመልሶ ግቢ ውስጥ ይፈልቃል። በቱቦው አፍ ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት መዝጊያ መግጠም ከግንቡ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ሆኖም ከሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ሲጎድል ደጋግሜ አይቻለሁ።

ዕቅዱን ከክረምቱ ጋር ሳይሆን ከበጀት ዓመቱ ጋር ማስተካከል

ይህኛው የራሳችን ስህተት ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ጨረታው ይጓተታል፣ ውሉ ይዘገያል፣ ገንዘቡ እንዳይመለስ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ሩጫ ይሆናል። መሠረት የሚቆፈረው ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን ነው ማለት ነው። ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል፣ ዋልካው ይቦካል፣ ኮንክሪቱ በጭቃ ላይ ይፈስሳል፤ ሪፖርቱ ግን መቶ በመቶ ተከናውኗል ይላል። ጥናቱንና ጨረታውን በአንደኛው ዓመት ጨርሶ፣ ቁፋሮውን በቀጣዩ ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማስጀመር የሁለት ዓመት ዕቅድ ይጠይቃል። ምክር ቤት ፊት በግልጽ ሊጠየቅ የሚገባውም ይኸው ነው።

በወንዙ የሚኖሩትን አለመጠየቅ

ኔዘርላንድስ ምሥራቅ ስኬልት የተባለውን የባሕር መግቢያ ሙሉ በሙሉ በግድብ ልትዘጋው ነበር። ዓሣ አጥማጆችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ተቃወሙ፤ ዕቅዱ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በ1986 የተመረቀው መከላከያ በአዘቦት ቀን ክፍት ሆነው በማዕበል ጊዜ ብቻ የሚወርዱ 62 መዝጊያዎች አሉት። ወጪው ናረ፣ ጊዜውም ረዘመ፤ የባሕሩ ሕይወት ግን ተረፈ። አቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች በፓምፕ ውኃ የሚስቡት ከወንዙ ነው። በጥናቱ ጊዜ መተላለፊያ ካልተተወላቸው በኋላ ራሳቸው ግንቡን ይበሱታል፤ ቀዳዳው የት እንዳለ የሚያውቅ መሐንዲስም አይኖርም።

ትንበያንና ጠባቂን ከዕቅዱ ውጭ መተው

የጣሊያኗ ቬኒስ መከላከያ ከባሕር ሥር ተኝተው ሙላት ሲመጣ የሚነሱ 78 መዝጊያዎች አሉት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ፣ መሀል ላይ በሙስና ቅሌት ታምሶ፣ በጥቅምት 2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማዋን ከሙላት አዳነ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ግን ትንበያው ዝቅ ያለ ሙላት ስለተናገረ መዝጊያዎቹ ሳይነሱ ቀሩ፤ የቅዱስ ማርቆስ አደባባይም በውኃ ተሞላ። ቢሊዮኖች የፈሰሱበት ብረት ውኃ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

እኛ የሚያስፈልገን ከዚያ ያነሰ ነው። ላይኛው ድልድይ ላይ የተቀባ መለኪያ፣ ሌሊት የሚያነብ ሰው፣ ታች ላለው ሰፈር የሚደውልበት ስልክ። ዕቅዱ ውስጥ የዚያ ሰው የሥራ መደብ፣ ደመወዝና ተተኪ ካልተጻፈ፣ አልተሟላም ብለው ወደ አዘጋጁ ክፍል ይመልሱት።