ፊልም ኖዋር ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ፊልም ኖዋር ወንጀልን፣ ክህደትንና የሰውን ውድቀት የሚያሳይ ጨለምተኛ የፊልም ዓይነት ነው። አንደኛው ስህተት ቀለሙ ላይ ነው። ብዙ ሰው ኖዋር ሲባል ጥቁርና ነጭ ምስል፣ ዝናብና የሲጋራ ጭስ ነው የሚታየው። የ1974ቱ «ቻይናታውን» ግን ባለቀለም ነው። ታሪኩ በአብዛኛው የሚሄደው አናት በሚበሳው የሎስ አንጀለስ ፀሐይ ነው። ድርቅ አለ፤ ውሃውንና መሬቱን የሚፈልጉ ጉልበተኞች አሉ። መርማሪው ብዙ ባወቀ ቁጥር አቅም ያጣል። ኖዋር ያሰኘው ይሄ ነው።

«ገዳዩ ማነው?» እያሉ ማየትም ደስታውን ይገድለዋል። የዳይሬክተር ቢሊ ዋይልደርን «ደብል ኢንደምኒቲ» እንውሰድ፤ የ1944 ፊልም ነው። ዋናው ሰው መርማሪ እንኳ አይደለም፣ ኢንሹራንስ ሻጭ ነው። ገና ሲጀምር፣ ጥይት እንደመታው ቢሮ ገብቶ ድምፅ መቅጃው ላይ ይናዘዛል። ለገንዘብና ለሴት ብሎ የሴትየዋን ባል ገደለ፤ ሁለቱንም አላገኘም። ታዲያ ምን ቀረ? እንዴት እዚህ እንደደረሰ ማየት ነዋ! የኮሪደሩን ትዕይንት ልብ በሉ። የሥራ ባልደረባው ከአፓርታማው ሲወጣ ሴትየዋ ከበሩ ጀርባ ተለጥፋ ቆማለች። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። የአፓርታማ በር እንዲህ ሲከፈት እምብዛም አናይም፤ ዋይልደር ግን እሷን የሚሸሽግበት ቦታ ያስፈልገው ነበር። ባየሁት ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ።

ጥፋቱን ሁሉ ሴቷ ላይ መከመር ደግሞ አለ። ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። «አሳስታው ነው» ይባላል። ሰውየው እኮ ድርጅቱን እንዴት ማጭበርበር እንደሚቻል እሷን ከማግኘቱ በፊትም ሲያውጠነጥን እንደኖረ በራሱ አፍ ይናገራል! እሷ በሩን አንኳኳች እንጂ ከፋቹ እሱ ነው።

በስልክ፣ ያውም መብራት በርቶ ማየትም ይቅር። በ«ደብል ኢንደምኒቲ» የሴትየዋ ሳሎን ውስጥ አየር ላይ የሚንሳፈፈው አቧራ ሳይቀር የፊልሙ አካል ነው።

በመጨረሻ፣ የድሮዎቹን ፍጻሜ «ስብከት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሆሊውድ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የሚሠራበት የፕሮዳክሽን ኮድ፣ ማለትም ፊልም ላይ ምን ማሳየት እንደሚቻል የሚወስን ደንብ፣ ነበረው። ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዲያመልጥ አይፈቅድም። ዳይሬክተሮቹ ቅጣቱ እንደማይቀር እያወቁ ነው ያን ሁሉ ጭንቀት የፈጠሩት። ኮዱ በ1968 ቀረ። በ1981 በወጣው «ቦዲ ሂት» ውስጥም ሚስት ከውሽማዋ ጋር ባሏን ታስገድላለች፤ እዚያ ግን ሴትየዋ ገንዘቡን ይዛ እብስ ትላለች። ከቻላችሁ መጀመሪያ የዋይልደርን፣ ቀጥሎ ይሄኛውን እዩ። ቅደም ተከተሉን ብቻ አታዛቡት።