ንዑስ ቅጽ ውስጥ ሲገባ የሚሞት አዝራር
የዕቃ ገቢና ወጪያችሁን በማይክሮሶፍት አክሰስ (የመረጃ ቋት ፕሮግራም) የምትመዘግቡ የከዚራና የታይዋን ገበያ ነጋዴዎች፣ በአጠቃላይ የድሬዳዋ ሰዎች፣ ይህችን ያዙ። ቅጹ ለብቻው ሲከፈት በደንብ የሚሠራ አዝራር፣ ያው ቅጽ በዋናው የሽያጭ ቅጽ ውስጥ ንዑስ ቅጽ ሆኖ ሲገባ እምቢ ይላል፤ ብዙ ጊዜም የስህተት ቁጥር 2450 ያመጣል። አዝራሩን አጥፍታችሁ እንደገና ለመሥራት አትድከሙ።

መጀመሪያ ንዑስ ቅጹን ለብቻው ክፈቱና አዝራሩን ጫኑት። ከሠራ፣ ችግሩ ኮዱ ውስጥ ቅጹን ለመጥራት የተጻፈው አድራሻ መሆኑ አይቀርም። አክሰስ «ፎርምስ» በሚባለው ስብስብ ውስጥ የሚይዘው በራሳቸው የተከፈቱ ቅጾችን ብቻ ነው፤ ንዑስ ቅጽ እዚያ ስለሌለ በስሙ ቢጠሩት አይገኝም። ስለዚህ «ፎርምስ» የሚለውንና የቅጹን ስም አውጡና በቦታው «ሚ» የሚለውን የቪቢኤ (የአክሰስ የኮድ ቋንቋ) ቃል አስገቡ፤ ኤም እና ኢ ብቻ ነው የሚጻፈው። ቃሉ ኮዱ ያለበትን ቅጽ ራሱን ስለሚያመለክት ቅጹ የትም ቢቀመጥ ይሠራል።

በኩዌሪ (ከሰንጠረዦች መረጃ መርጦ በሚያወጣው ጥያቄ) ውስጥ ግን «ሚ» አያገለግልም። እዚያ ሙሉውን መንገድ ጻፉ፦ ፎርምስ፣ ዋናው ቅጽ፣ የንዑስ ቅጹ መያዣ (በዋናው ቅጽ ላይ ንዑስ ቅጹን የያዘው ክፍል)፣ «ፎርም» የሚለው ቃል፣ በመጨረሻም መረጃው የሚነበብበት ሳጥን ስም። እባካችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ የሚፈለገው የመያዣው ስም እንጂ የቅጹ ስም አይደለም፣ ሁለቱም ሊለያዩ ይችላሉ። ዋናውን ቅጽ በንድፍ እይታ ክፈቱ፣ የመያዣውን ጠርዝ አንድ ጊዜ ጫኑ፣ ከባሕርያቱ ዝርዝር ስሙን አንብቡ። ከመንካታችሁ በፊት የፋይሉን ቅጂ አስቀምጡ።