ከለገጣፎ እስከ መንዝ ጓሳ፦ በመኪና ተጉዞ በድንኳን ለማደር እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ተነስቶ ለገጣፎንና ሰንዳፋን አልፎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው የደሴ መንገድ ብዙ ሰው ለንግድና ለዘመድ ጥየቃ የሚመላለስበት ነው። ከመዲናዋ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከዋናው መንገድ ገንጠል ብሎ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኙትን ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን በዱር ለማየት ከሚመቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ጉዞውን ያሰበ ሰው ቢያንስ ሁለት ሌሊት ቢመድብ መልካም ነው፤ አንድ ሌሊት ብቻ የሚያድር መንገደኛ በድካም ደርሶ በጥድፊያ ስለሚመለስ እንስሳቱ በደንብ የሚታዩበት ጠዋት ያመልጠዋል።

ከመነሳት በፊት

የመጀመሪያው ሥራ የመንገዱን ጸጥታ ማጣራት ነው። ባለፉት ዓመታት በሰሜን ሸዋ መንገዶች ላይ የጸጥታ ችግር ስለነበረ፣ በመስመሩ ላይ በየቀኑ የሚሠሩ ሾፌሮችንና በደብረ ብርሃን የሚኖሩ ሰዎችን በመነሻው ዋዜማ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞውን ማስተላለፍ እንጂ ዕድልን መሞከር አይገባም። በዚያው ሰሞን ከጥብቅ ሥፍራው ጽሕፈት ቤት ጋር በስልክ ተነጋግረው ስለ ድንኳን መትከያ ቦታ፣ ስለ ክፍያና ስለ አስጎብኚ ይስማሙ።

ወቅቱን በተመለከተ ክረምቱ አይመከርም፤ ጭጋጉ እይታን ይጋርዳል፣ ጭቃውም መኪና ይይዛል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ የጠራ ነው፤ ሆኖም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ የአዲስ አበባን ብርድ የለመደ ሰው እንኳ ሊዘናጋ አይገባም።

ለእኔ የዚህ ጉዞ ዋና ዕቃ ድንኳኑ ሳይሆን ከሥር የሚነጠፈው ነው። ከመሬት የሚወጣው ቅዝቃዜ ከላይ የተደራረበን ልብስ ሁሉ ከንቱ ስለሚያደርግ፣ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ወይም ሁለት የተደራረቡ ምንጣፎች ይያዙ፤ ከላይ የመኝታ ከረጢት፣ በእርሱም ላይ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይደርቡ። በበግ ጸጉር ሥራ የታወቁት የመንዝ ሰዎች የሚሠሩት ባና ለዚሁ ብርድ የተሠራ ልብስ ስለሆነ፣ ያለው ሰው ቤት ጥሎት ባይሄድ ጥሩ ነው።

በምግብ በኩል አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ሙቀት ስለሆነ ባቄላም ሆነ ምስር ለመብሰል እጅግ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ጋዝም ይጨርሳል። ስለዚህ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቶሎ የሚደርስ ሽሮ ይመረጣሉ። ማብሰያው የቡታ ጋዝ ምድጃ ይሁን፤ ከጥብቅ ሥፍራው እንጨት መቁረጥም ሆነ መልቀም ተገቢ አይደለም።

ውሻዎን ግን ቤት ይተዉት። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ እየተላለፈ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ስለሚገመት፣ አንድ ውሻ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት ቀላል አይደለም።

በመንገድ ላይ

ትርፍ ጎማውን፣ ክሪኩንና ፍሬኑን በዋዜማው ያስፈትሹና የለገጣፎ የጠዋት ግርግር ሳይጀምር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይነሱ። ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። መንገዱ ሜዳማ ስለሆነ ፍጥነት ያስመኛል፤ ነገር ግን የበግ መንጋና ጭነት የያዙ አህዮች በድንገት ወደ አስፋልቱ ስለሚገቡ፣ እረኛ ባዩበት ቦታ ሁሉ ፍጥነት ይቀንሱ። ነዳጅ የሚሞላውም፣ ጥሬ ገንዘብ የሚወጣውም ደብረ ብርሃን ላይ ነው።

ከደብረ ብርሃን በኋላ መንገዱ ወደ ጣርማ በር ይወጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ከመድረሱ በፊት ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ወደ ግራ ይገነጠላል። በዚህ አካባቢ ጭጋግ በድንገት ስለሚወርድ መብራት አብርቶ በዝግታ መንዳት፣ በቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ብቻ ከመርገጥ ይልቅ ማርሽ ቀንሶ መውረድ ያስፈልጋል። መቆሚያዎችን ጨምሮ ጉዞው በአብዛኛው ግማሽ ቀን ያልፋል፤ ዓላማው ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት መድረስ ይሁን፤ ድንኳን በጨለማና በነፋስ መትከል አድካሚ ነው።

ድንኳን አተካከልና እንስሳቱን መመልከት

ድንኳኑን በተፈቀደው ቦታ ብቻ፣ በሩን ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ አዙረው ይትከሉ። መሬቱን በእጅ እየዳሰሱ የአይጥ ጉድጓድ የሌለበትን ደልዳላ ቦታ ይምረጡ፤ እነዚያ አይጦች የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ናቸው። ማታ የመተንፈሻውን ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ አይዝጉ፤ የእስትንፋስ እርጥበት በድንኳኑ የውስጥ ገጽ ላይ ይረጋና ንጋት ላይ በረዶ ሆኖ ፊት ላይ ይራገፋል። የቡታ ጋዝ ምድጃም ሆነ ከሰል ወደ ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ ጭሱ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል።

ጠዋት ከአስጎብኚው ጋር ወደ ገደሉ አፋፍ ይሂዱ። ጭላዳዎች ሌሊቱን በገደሉ ላይ ያድሩና ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ተቀምጠው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሣር እየነጩ፣ ሳይነሱም በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ ይግጣሉ፤ በደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት በግልጽ ይታያል። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ብዙም አይደነግጡም፤ ምግብ መስጠት ግን ሰው ላይ እንዲደፍሩ ስለሚያደርጋቸው በጭራሽ አይደረግም።

ቀይ ቀበሮ በቡድን ቢኖርም የሚያድነው ብቻውንና በቀን ነው። በጓሳው ሣር መካከል በዝግታ ሲሄድ ቆም ብሎ ጆሮውን ወደ መሬት ሲያቀና ካዩ ከቦታዎ አይንቀሳቀሱ፤ አይጥ እየሰማ ነው፣ ቀጥሎ ዘሎ ይይዛል። በመኪና ሊከተሉት አይሞክሩ፤ የሩቅ ማያ መነጽር (ባይኖኩላር) ካለዎት ከሩቅ በቂ እይታ ይሰጥዎታል።

ሥፍራው ዛሬ ድረስ የቆየው የመንዝ ሰዎች ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ለቤት ክዳንና ለግጦሽ እየከፈቱ በአባቶቻቸው ሥርዓት ስለጠበቁት ነው። ስለዚህ የአስጎብኚንና የመግቢያ ክፍያን መከራከሪያ አያድርጉት።

በመመለሻው ዕለት ፀሐይ የድንኳኑን ጤዛ እስክታደርቅ ጠብቀው ያጥፉት፤ እርጥብ ድንኳን ተጠቅልሎ ከቆየ ይሻግታል። ቆሻሻውን በሙሉ፣ የሶፍትና የፕላስቲክ ቁራጭ ሳይቀር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ወደ ቤት ይመለሱ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው ማምሻውን በሰንዳፋና በለገጣፎ መካከል የሚበረታው የከባድ መኪናዎች መጨናነቅ ሳያገኘው ከተማ ይገባል።