«ሐይቅ ዳር» ሲሏችሁ የቱን ሐይቅ ዳር? የሐዋሳ ቤት ማስታወቂያ እንዴት ይነበባል

ሐዋሳ ቤት ለምትፈልጉ፣ ለኪራይም ይሁን ለግዢ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ደላላ ብዙ ጊዜ አይዋሽም። እውነቴን ነው። የሚጽፈው ቃል በሆነ በኩል ልክ ነው፣ የጎደለውን በጉጉት የምንሞላው እኛው ነን። እኔ ራሴ «ሐይቅ ዳር፣ ጭር ያለ ሰፈር፣ ውሃና መብራት ያለው፣ በሩ ለብቻ» የሚል ቴሌግራም ላይ አይቼ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ያለው ግድብ ላይ ዎክ ሳደርግ ምናምን ታየኝና ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ከነፍኩ። ሐይቅ የሚባል ነገር የለም። «የታለ ሐይቁ?» ስለው ደላላው ልጅ ከልቡ ግራ ገባው፣ «ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ እኮ ነው ብሮ» አለኝ። ምን ትሉታላችሁ፣ የክፍለ ከተማው ስም ነዋ!

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ማስታወቂያው ላይ ያማረችዋን ቃል ያዙና ጥያቄ አድርጓት። ሐይቅ ዳር ካለ፣ እውነተኛው ሐይቅ ዳር ካሉት መዝናኛዎች፣ ከፍቅር ሐይቅ ወይ ከአሞራ ገደል፣ በእግር ስንት ደቂቃ ነው በሉት። «ከሪፈራል 5 ደቂቃ» ካለ፣ ከሆስፒታሉ ማለቱ ነው፣ በምን? በእግር ነው በባጃጅ? ባጃጁስ በሰው የሚጭን ነው ወይስ ኮንትራት ካልያዛችሁ የማይገባበት ሰፈር? ሎኬሽን ላክልኝ ስትሉት እምቢ ካለ ወዲያው አትጠርጥሩት፣ በቀጥታ ከባለቤቱ ጋር ጨርሳችሁ ኮሚሽኔን ትበሉኛላችሁ ብሎ ፈርቶ ሊሆን ይችላል፣ በእሱ እንኳን አልፈርድም። ቅርብ ያለውን የባጃጅ መያዣ ስም ብቻ ጠይቁት። እሱንም ካልነገራችሁ እለፉት።

እውነተኛው ሐይቅ ዳር ላይ ያለ ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ የለም፣ ዝናብ ሲበዛ ከፍ ይላል፣ ግድቡም ለዚህ ነው። ዳር ላይ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ የሽንት ቤት ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል፣ ስንት ጊዜ እንደሚያስመጥጡ ጎረቤት ጠይቁ። ግድግዳውን ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ ከታች እዩት። አንዴ ያየሁት ቤት ግድግዳው በሙሉ ደብዝዞ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ በጣቴ ነካ ሳደርገው ቀለሙ እንደ እንጀራ ጠርዝ ተነስቶ ቀረ፣ ከስሩ እርጥበት ያወጣው ነጭ ዱቄት። ማስታወቂያው «አዲስ ቀለም የተቀባ» ነበር የሚለው፣ አልዋሸም አይደል።

«ውሃ ያለው» ማለት ቧንቧ አለው ማለት ነው፣ በቃ። ቧንቧውን ሳይሆን ግቢውን እዩ። ቢጫ ጄሪካን ከተደረደረ፣ ሮቶ ከተሰቀለ፣ በርሜል ክዳኑ ላይ ድንጋይ ከተጫነበት ውሃው በፈረቃ ነው። እኔ ያቺ ሐይቅ የሌላት ቤት ቧንቧውን ስከፍተው ሁለቴ አሳለና ዝም አለ፣ አከራይዋ እትዬ ሳቅ ብለው «ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ ልጄ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው» አሉኝ። እኚህ ሴትዮ ከማስታወቂያው ሁሉ በለጡብኝ። ስለ ቆጣሪም እንደዚሁ፣ «መብራት አለው» ሲሏችሁ ቆጣሪው የግል ነው የጋራ በሉ። የጋራ ከሆነ የጎረቤት ምጣድ ሂሳብ እናንተም ላይ ይመጣል።

ፎቶ ላይ ሳሎኑ ኳስ ሜዳ የሚያክለው በሰፊው ሌንስ ስለሚነሳ ነው። መላ አለው፣ ሴራሚኩን ቁጠሩ። የብዙው ቤት ሴራሚክ 40 በ40 ወይ 60 በ60 ነው፣ የቱ እንደሆነ ደላላውን ጠይቃችሁ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስትቆጥሩ 7 ባለ 40 ከሆነ ክፍሉ 2 ሜትር ከ80 ነው፣ አልጋና ቁምሳጥን ገብቶበት እናንተ በጎን ነው የምታልፉት። ከፎቶው የቀረውን ክፍልም አስቡት። ሦስት የሳሎን ፎቶ ልኮ አንድም የሽንት ቤት ካልላከ ምክንያት አለው።

«ጭር ያለ» የሚለውን ቅዳሜ ማታ ሄዳችሁ ፈትሹት፣ ሰኞ ረፋድ ላይ ሁሉም ሰፈር ጭር ያለ ነው። ዝናብ ሲዘንብም ሂዱ፣ ኮብልስቶኑ የት ጋ እንደሚያልቅ ያኔ ታያላችሁ። ለአጭር ጊዜ የምትከራዩ ደግሞ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ለገብርኤል፣ ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ የተጻፈውን ዋጋ እርሱት።

ገንዘብ ላይ፣ ቤቱን ሳታዩ በቴሌብር «ማስያዣ ላኩ» ለሚል ሰው ሳንቲም አትላኩ። ኪራይ ከሆነ አዋጅ 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል፣ ውሉም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም ይላል፣ የትኛው ከተማ እንደሚገባበት የሚወስነው ግን ክልሉ ስለሆነ ቀበሌ ጎራ ብላችሁ ጠይቁ።

ግዢ ላይ ቃላቱ ይከብዳሉ። «ካርታ በሂደት ላይ» ማለት ካርታ የለውም ማለት ነው። ቱላና ዳቶ አካባቢ «ከገበሬ የተገዛ» ሲባል ከሰማችሁ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም እንደሚል አስታውሱ፣ በእጃችሁ የሚገባው ወረቀት ካርታ አይሆንም። «300 ካሬ» ካለ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ አጥሩ ውስጥ ያለውና ካርታው ላይ ያለው አንዳንዴ አይገናኙም፣ ትርፉ የናንተ አይደለም። ሊዝ ከሆነ ቀሪ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ እዳና እገዳም እንደሌለበት ከመሬት አስተዳደር ሳታጣሩ ቀብድ አትስጡ። ቀብድ ቀልድ አይደለም፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ሲያፈርስ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ሲያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፣ በውክልና ከሆነ ውክልናው አለመሻሩን ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ እዩ።

ያቺን ሐይቅ የሌላትን ቤት በነገራችን ላይ ተከራየኋት፣ ለእትዬ ስል። ደላላው መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ሐይቁ እንዴት ነው ብሮ?» ይለኛል፣ እኔም «ማክሰኞና ቅዳሜ ይመጣል» እለዋለሁ።